ተጠባባቂው ወንበር የቅጣት ቦታ አይደለም

ቅዳሜና እሁድ ሸጎሌ ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ያለ ሰው ጨዋታው ሳይጀመር የሚሰማው የመጀመሪያ ጭቅጭቅ የአሰላለፍ ነው። የሁለቱ ቡድኖች ስም ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል አንዱ ብድግ ይልና «እንዴ! እሱ ለምን ወጣ? ምን ነካው ይሄ አሰልጣኝ?» ይላል። ጎኑ ያለው «ማክሰኞ ሻምፒዮንስ ሊግ አለበት እኮ» ቢለውም አይዋጥለትም። ቡድኑ ካሸነፈ ነገሩ ይረሳል። አቻ ከወጣ ወይም ከተሸነፈ ግን ጥፋተኛው ገና ፊሽካው ሳይነፋ ታውቋል፤ አሰልጣኙ።

ይሄ አስተሳሰብ ወደ አገር ውስጡ ኳስም ተሻግሯል። እኛ ዘንድ ቋሚ ተሰላፊ የሚባለው ሰው እስኪወድቅ ይጫወታል። ተጠባባቂ የሚባለው ደግሞ እስኪረሳ ይቀመጣል። አንድ ኮከብ ተጫዋች ወንበር ላይ ከታየ «ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልቷል»፣ «ዲሲፕሊን አጉድሏል»፣ «ሊሸጥ ነው» ይባላል። «አሰልጣኙ አሳርፎት ነው» የሚል ሰው ከመቶ አንድ አይገኝም። የጨዋታ መርሃ ግብር ሲደራረብ ክለቦቻችንንም ብሔራዊ ቡድናችንንም ዋጋ የሚያስከፍለው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ወንበሩን እንደ ቅጣት ስለምናየው ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው አናዘጋጀውም። በምንፈልገው ቀን ደግሞ የለም።

ለሸጎሌ ሰው ነገሩ ብዙ ማስረዳት የሚፈልግ አልነበረም። የአንበሳ አውቶብስ ዴፖ አፍንጫው ስር ነው። አውቶብስ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። ዘይቱ ይታያል፣ ፍሬኑ ይፈተሻል፣ ችግር ያለበት ይቆማል፣ በሱ ፋንታ ሌላው ይወጣል። የቆመውን አይቶ «ተቀጣ» የሚል የለም። ሳይፈተሽ በየቀኑ የሚወጣ አውቶብስ አንድ ቀን ዳገት ላይ ተሳፋሪ እንደሞላ ቀጥ እንደሚል ሁሉም ያውቃል። ለብረት የገባን ነገር ለሥጋ ለባሽ ሲሆን ለምን እንደማይገባን ግን ግራ ያጋባል።

ከሊጉ ውጪ 25 ጨዋታ

ለዚህ ጉዳይ ከ2005 ዓ.ም የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ዓመቱ ለኢትዮጵያ ኳስ የወርቅ ዓመት ነበር። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅተው ጥር ላይ ደቡብ አፍሪካ ወረዱ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የዛንዚባሩን ጃምሁሪና የማሊውን ጆሊባ ጥሎ ከግብጹ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። ግብጽ ላይ 1ለ1፣ አዲስ አበባ ላይ 2ለ2 ወጥቶ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ተበልጦ ወደቀ። ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፑ ተዛውሮ ሌላኛውን የግብጽ ክለብ ኢኤንፒፒአይን በማስወጣት ምድብ ውስጥ ገባ። እዚያም የቱኒዚያዎቹ ኤትዋል ደ ሳህልና ሴፋክሲያን፣ የማሊው ስታድ ማሊያን ጠበቁት።

አሁን ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው። ለፈረሰኞቹም ለዋልያዎቹም የሚጫወት አንድ የአገር ውስጥ ተጫዋች እንውሰድ። የአፍሪካ ዋንጫው 3 ጨዋታ ነው። የክለቡ አህጉራዊ ጉዞ ሦስት የማጣሪያ ዙር፣ አንድ የኮንፌዴሬሽን ካፕ ማጣሪያና 6 የምድብ ጨዋታ በድምሩ 14 ይሆናል። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ከቦትስዋና ሁለት ጊዜ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ከናይጄሪያ ሁለት ጊዜ፤ 6 ጨዋታ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ለቻን ለማለፍ ከሩዋንዳ ጋር ሁለት ጊዜ ተጫውተን በመለያ ምት ነበር ያለፍነው። ድምሩ 25 ነው። ከጥር 2005 እስከ ህዳር 2006 ዓ.ም ድረስ ማለት ነው። እዚህ ውስጥ የሊጉ ጨዋታ አንድም አልተቆጠረም። የወዳጅነት ጨዋታም አልገባም። አንዱን ሳምንት ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ ቱኒዚያ ሙቀት፣ ሌላውን ሳምንት ወደ ብራዛቪል የሚደረገው በረራም አልተቆጠረም።

ይህን ሁሉ ሸክም የያዙት ደግሞ ጥቂት ሰዎች ናቸው። የሁለቱም ቡድን አምበል የነበረውን ደጉ ደበበን፣ አበባው ቡታቆን፣ አዳነ ግርማን ማንሳት ይበቃል። ክለቡም «ያለነሱ አይሆንም» ይላል፤ አገሩም «ያለነሱ አይሆንም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ችግሩ ሰውየው አንድ መሆኑ ነው።

ውጤቱስ? ፈረሰኞቹ ከምድባቸው ሳያልፉ ቀሩ። የ2005ን የሊግ ዋንጫም ደደቢት ወሰደ። እርግጥ ደደቢት ዋንጫውን ያገኘው ጊዮርጊስ ስለደከመ ብቻ ነው ማለት ነውር ነው። ጌታነህ ከበደን የያዘ፣ የሚያምር ኳስ የሚጫወት ቡድን ነበር። ለዋልያዎቹም ተጫዋች ይሰጥ ነበር። ነገር ግን የአፍሪካ ጉዞው እንደ ጊዮርጊስ አልረዘመም። በአንድ ዓመት ሁለት ቤት ያስተዳደረው ጊዮርጊስ ነው።

ይሄንን ከ2009 ዓ.ም ጋር ማነጻጸር ደግሞ ያስተምራል። በዚያ ዓመት በሆላንዳዊው ማርት ኖይ የሚሰለጥነው ቅዱስ ጊዮርጊስ ለሻምፒዮንስ ሊጉ የምድብ ጨዋታ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ኤስፔራንስና ኤኤስ ቪታ ከነበሩበት ምድብ ማለፍ ባይችልም የአገር ውስጡን ዋንጫ ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ አነሳ። ምን ተለየ? ብዙ ነገር ሊጠቀስ ይችላል። አንዱ ግን ግልጽ ነው። በ2009 ጥር ላይ ዋልያዎቹ ጋቦን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አልነበሩም። የክለቡ ምሰሶዎች እንደ 2005ቱ የአገርንም የክለብንም ቀንበር ባንድ ላይ አልተሸከሙም። ሸክሙ ሲቀል ያው ቤት ሁለቱንም ችሏል። ሸክሙ ካልቀለለ ደግሞ ተሸካሚውን ማብዛት ነው እንጂ ሌላ መላ የለም።

የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች

የደቡብ አፍሪካውን የአፍሪካ ዋንጫ ጎሎች ደቂቃቸውን እያዩ መቁጠር ያማል፤ ግን ይጠቅማል። ዋልያዎቹ በሦስት ጨዋታ 7 ጎል አስተናገዱ። ከዛምቢያ ጋር 1ለ1 በተለያዩበት ጨዋታ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ነበር የተጫወቱት። አዳነ ግርማ ያስቆጠራት ጎልም አገሩን በሙሉ አደባባይ አወጣች። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቡርኪናፋሶ 4ለ0 ሲረቱ ከአራቱ ሦስቱ የተቆጠሩት ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። ያውም ተጋጣሚያቸው ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በ10 ሰው እየተጫወተ። ናይጄሪያ ደግሞ 2ለ0 ያሸነፈችው ቪክተር ሞሰስ 80ኛውና 90ኛው ደቂቃ ላይ ባስቆጠራቸው ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ነው። ከ7ቱ ጎሎች 5ቱ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ገብተዋል ማለት ነው።

የናይጄሪያው ጨዋታ ማብቂያ ደግሞ የሚረሳ አይደለም። ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ የተጫዋች መቀየሪያው አልቆ ነበር። ጓንቱን አጥልቆ ጎሉ መሃል የቆመው አማካዩ አዲስ ሕንጻ ነው። በሦስት ጨዋታ አራት ሰው በረኛ ሆነ! ይሄ ዕድል ነው ሊባል ይችላል። ግን ሌላም ትምህርት አለበት። ጨዋታ የሚያልቀው 90ኛው ደቂቃ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹን 20 ደቂቃዎች የሚወስነው የጀመረው 11 ሳይሆን ወንበር ላይ ያለው ሰው ነው። እሱ በዓመቱ ውስጥ ስንት ከባድ ጨዋታ ተጫውቶ መጣ? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ የሆነውም ያው ነው። በዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ማጣሪያ በኃይሉ አሰፋ ባስቆጠራት ጎል እየመራን ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ። 90ኛው ደቂቃ ላይ ያው ሰው በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። 2ለ1። ካላባር ላይ ህዳር 7 ቀን 2ለ0 ተደግመን የብራዚል ሕልም ተዘጋ። የሽንፈቱ ምክንያት ድካም ብቻ ነው የሚል ካለ ናይጄሪያን ያላወቀ ነው። በዚያው ዓመት የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው። ቢሆንም ያ የኛ ስብስብ ከጥር ጀምሮ ሳያርፍ የመጣ ስብስብ መሆኑ ሊካድ አይችልም።

ቢጫውን የቆጠረ ጠፋ

ተጫዋች ማፈራረቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እግር ማሳረፍ ብቻ ነው። አይደለም። ማን መቼ ይጫወታል፣ ማን መቼ አይችልም የሚለውን በወረቀት መያዝም ነው። ይሄን አለመያዝ ያስከፈለንን ዋጋ ማንም አይረሳውም።

ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2ለ1 አሸነፉ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ 2ለ1 ረተው ምድቡን ጨረሱት ተባለ። ከተማው ሳይተኛ አደረ። በዚያው ዕለት ግን ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አሳወቀ። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት የቦትስዋናውን ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። በሜዳ የተገኘው ድል በጠረጴዛ 3ለ0 ሽንፈት ሆነ። ሦስት ነጥብ ተቀነሰ፤ 6 ሺህ የስዊዝ ፍራንክ ቅጣትም ተጨመረ። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2ለ1 ባናሸንፍ ኖሮ በኢትዮጵያ ኳስ ታሪክ ትልቁ ሐዘን የሚሆነው በአንዲት ቢጫ ካርድ የመጣ ሐዘን ነበር።

ተጫዋቹ አልበደለም። አሰልፉኝ ብሎ አልገባም፤ ግባ ተብሎ ነው የገባው። የጎደለው አንድ ሰው፣ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። በልምድ ቋሚው ቋሚ ስለሆነ «ዛሬ ይሄኛው ይችላል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። በየጨዋታው አሰላለፉን ከባዶ ወረቀት የሚጀምር ቡድን ይህን ጥያቄ ሳይወድ በግድ ይጠይቃል። አሰላለፉ ከዓመት ዓመት በቃል የሚታወቅ ቡድን ግን ይዘነጋል።

11 ቀን፣ 3 ዋንጫ

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ በሸጎሌም ሞልቷልና እ.ኤ.አ. የ1999ን ታሪክ ማስታወስ አያስቸግርም። ሁሉም የሚያወራው ባርሴሎና ላይ በጭማሪ ደቂቃ ስለገቡት ሁለት ጎሎች ነው። የሚገርመው ግን ከዚያ በፊት የነበሩት ቀናት ናቸው።

ሜይ 16 የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ ከቶተንሃም ጋር ነበር። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በእረፍት ሰዓት ሼሪንግሃምን አስወጥተው አንዲ ኮልን አስገቡ። ኮል አግብቶ 2ለ1 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። ሜይ 22 ኤፍኤ ካፕ ከኒውካስል ጋር። ድዋይት ዮርክና ያፕ ስታም ወንበር ላይ ጀመሩ። ዮርክና ስታም! ሮይ ኪን ገና በጊዜ ሲጎዳ ሼሪንግሃም ገባና ጎል አስቆጠረ፤ 2ለ0። ሜይ 26 ባየር ሙኒክ። ኪንና ስኮልስ በካርድ ቅጣት የሉም። ሼሪንግሃምና ሶልሻየር ተቀይረው ገብተው ሁለቱን ጎሎች አገቡ። በ11 ቀናት 3 ዋንጫ።

ዩናይትድ በዚያ ዓመት አራት አጥቂ ነበረው፤ ዮርክ፣ ኮል፣ ሼሪንግሃም፣ ሶልሻየር። ፈርጉሰን ወንበሩን የቅጣት ቦታ ቢያደርጉት ኖሮ ሼሪንግሃም ሜይ 16 በእረፍት ሲወጣ ተኮራርፎ ሜይ 26 ባልተገኘም ነበር። ሰውየው የወጣው ተጠልቶ ሳይሆን ተራው ደርሶ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው ዝግጁ ሆኖ የጠበቀው። ይሄ በአንድ ቀን የሚገነባ ነገር አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ የተሠራ ሥራ ነው።

«ሌስተርስ?» የሚል ይመጣል። እውነት ነው፤ ክላውዲዮ ራኒዬሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ሌስተር ሲቲን ሻምፒዮን ሲያደርጉ ቡድናቸውን ብዙም አልነካኩትም። ግን ያ ሌስተር የአውሮፓ ውድድር አልነበረበትም። ከኤፍኤ ካፑም ገና በ3ኛው ዙር ተሰናብቷል። ማክሰኞና ረቡዕ ቤቱ ያርፍ ነበር። በሳምንት አንድ ጨዋታ የሚጫወት ቡድን ያንኑ 11 ቢደጋግም ማንም አይቃወምም። በሳምንት ሁለት ሲሆን ነው ነገሩ የሚመጣው።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ «ቡድን ይፈርሳል፣ መግባባት ይጠፋል» የሚለው ነው። ይህም ባዶ ወሬ አይደለም። ራፋኤል ቤኒቴዝ ሊቨርፑልን ሲይዙ 99 ተከታታይ ጨዋታ አንድ ዓይነት አሰላለፍ ሳይደግሙ እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ዘልቀዋል። የእንግሊዝ ጋዜጣ ሲያብጠለጥላቸው ከረመ። በሌላ በኩል በዚያው ዘመን የሻምፒዮንስ ሊግና የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ አንስተዋል፤ የሊጉን ዋንጫ ግን አላገኙም። ስለዚህ በየሳምንቱ ስድስት ሰባት ሰው ቀያይሩ ማለት አይደለም። አከርካሪው ይቆያል። በረኛው፣ አንድ ተከላካይ፣ አንድ አማካይ፣ አንድ አጥቂ ሆኖ ዙሪያው ሁለት ሦስት ሰው ይፈራረቃል። አከርካሪውም ቢሆን በወር አንድ ሁለት ጊዜ ማረፍ አለበት።

ተተኪ ከወንበር ነው የሚወጣው

ተጠባባቂን አለመጠቀም ትልቁ ጉዳቱ በዚያው ዓመት አይታይም። በሚቀጥለው ነው የሚታየው። ጥር 2006 ዓ.ም ዋልያዎቹ እንደገና ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። በዚህ ጊዜ ውድድሩ ቻን ነበር፤ በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት። ሳላዲን ሰዒድ ከመጀመሪያውም ውጪ ነበር። ጌታነህ ከበደም ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄዷል። ሊቢያ 2ለ0፣ ኮንጎ 1ለ0፣ ጋና 1ለ0። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዜሮ ጎል። ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ።

ሰውዬውን ማባረር ቀላል ነበር። ከባዱ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። ከ12 ወራት በፊት ለአገሩ የሚያገቡ አጥቂዎች ሲሄዱ በነሱ ቦታ የሚገባው ልጅ የት ነበር? መልሱ ቀላል ነው፤ ወንበር ላይ ነበር። ክለቡም ወንበር ላይ፣ ብሔራዊ ቡድኑም ወንበር ላይ። ከቤንች ያልተነሳ ልጅ ከጋና ጋር ጎል አግባ ቢሉት ከየት ያመጣዋል?

ይሄን የሰፈር ኳስ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ጠንካራው ቡድን አንዱን ያወጣል፣ ሁለተኛውን ያወጣል፣ ሦስተኛውንም በመከራ ያወጣል። አራተኛው ላይ ግን ማንም ባልገመተው ቡድን ይረታል። ያ ቡድን ዳር ቆሞ ሲያርፍ ቆይቷላ! ኳስ የማይችሉ ልጆች ሆነው አይደለም የወጡት፤ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነው።

ምን ይደረግ?

«እኛ ገንዘብ የለንም፣ እንደ ውጪዎቹ 25 ኮከብ አንይዝም» ይባላል። ማፈራረቅ ግን 25 ኮከብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በእጅ ያለውን 25 ሰው ማወቅ ነው። ደመወዝ እየተከፈለው ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥ ተጫዋች ነው ትልቁ ብክነት። ሕጉም ቢሆን ወደዚሁ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጊዜያዊ ተብሎ የተፈቀደው የአምስት ተጫዋች ቅያሪ ከ2022 ወዲህ ቋሚ ሕግ ሆኗል። ከቡድኑ ግማሽ የሚጠጋውን በአንድ ጨዋታ መቀየር ይቻላል። 85ኛው ደቂቃ ላይ ሰዓት ለማባከን ብቻ የሚጠቀምበት አሰልጣኝ የተሰጠውን መብት በገዛ እጁ እየጣለ ነው።

የሊጉም መልክ ተለውጧል። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው እየተጫወቱ ቆይተዋል። በዚያ ዓመት ብቻ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተዞሯል። ረጅም የአውቶብስ ጉዞው ቀንሷል። ጨዋታዎቹ ግን ተቀራርበዋል። በዚያ ላይ ለወራት ከቤት ርቆ ሆቴል መኖር፣ የድሬዳዋ ሙቀት፣ ያንኑ ሜዳ መደጋገም አለ። እንዲህ ባለ ውድድር አንድ 11 ይዞ ዓመቱን እጨርሳለሁ የሚል ክለብ ራሱን እያታለለ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ቢደረግ ይበቃል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ክለብ የተጫዋቹን ደቂቃ፣ ጉዳትና ካርድ የሚመዘግብ አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው ይኑረው። አሰላለፍ ከመጽደቁ በፊት የሱ ፊርማ ይታይ። ሁለተኛ፣ ማፈራረቁ ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። ግንቦት ላይ ሰው ሲያልቅ የሚደረግ ቅያሪ ማፈራረቅ ሳይሆን መደናገጥ ነው። ተጠባባቂውም ውጤት ባለቀለት ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ከባድ ጨዋታ ላይ ይሞከር። ሦስተኛ፣ ክለቡና ብሔራዊ ቡድኑ በአንድ ተጫዋች ላይ መነጋገር አለባቸው። በ2005ቱ ዓይነት ዓመት ልጁ ለሁለቱም እኩል አይበቃም። መቼ ለማን እንደሚያርፍ ቀድመው ቢስማሙ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

አራተኛው ለደጋፊው የተተወ ነው። አሰልጣኞች ማፈራረቅን የሚፈሩት ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ኮከቡን አሳርፈው አቻ ከወጡ በማግስቱ ስማቸው እንደሚነሳ ስለሚያውቁ ነው። ኮከቡን አሰልፈው ቢሸነፉ ግን «ምን ያድርግ፣ ያለውን አሰልፏል» ይባላሉ። በዚህ ዓይነት ፍርድ ማን ደፍሮ ያሳርፋል? ደጋፊው በአንድ ቀን ውጤት ሳይሆን በዓመቱ መጨረሻ ሂሳብ መፍረድ ሲጀምር አሰልጣኙም ድፍረት ያገኛል። ስሙ የማይታወቅ የ19 ዓመት ልጅ በኮከቡ ቦታ ሲገባ ከማጉረምረም ይልቅ ቢጨበጨብለት ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ አገሩን ሊያድን ይችላል።